ኪኒን ያልዋጡት ልጆች

ነገሩ የተጀመረው በመማሪያ መጽሐፍ ነው። በ1990ዎቹ (እ.ኤ.አ.) ኢኮኖሚስቱ ማይክል ክሬመርና ባልደረቦቹ በምዕራብ ኬንያ፣ በቡሲያ አካባቢ፣ በዕጣ ለተለዩ ትምህርት ቤቶች መጽሐፍ ሲታደል ውጤቱን ተከታተሉ። አማካይ የፈተና ውጤት ንቅንቅ አላለም። መጽሐፉ በእንግሊዝኛ የተጻፈ ነው፤ እንግሊዝኛ ደግሞ ለብዙዎቹ ልጆች ሦስተኛ ቋንቋ። የተጠቀሙት ቀድሞም ጎበዝ የነበሩት ብቻ ሆኑ።

በ1998 ክሬመርና ባልደረባው ኤድዋርድ ሚጌል ፊታቸውን ወደ ልጆቹ ሆድ አዞሩ፤ የሆድ ትል መድኃኒት ቢታደልስ ብለው። 75 ትምህርት ቤቶች፣ 30 ሺህ ገደማ ተማሪዎች። የትል መድኃኒቱ ለሁሉም በአንድ ጊዜ ስለማይዳረስ ትምህርት ቤቶቹ በሦስት ዙር ተመደቡ፤ ተራቸውን የሚጠብቁት ማነጻጸሪያ ሆኑ። የመምህሩ መዝገብ ብቻ አልታመነም። ሠራተኞች ሳይታሰብ ክፍል እየገቡ ማን እንዳለ፣ ማን እንደቀረ ራሳቸው መዘገቡ።

ከትምህርት ገበታ መቅረት በሩብ ቀነሰ። ይበልጥ ያስገረመው ግን ሌላ ነው። 13 ዓመት የሞላቸው ሴት ልጆች ለእርግዝና ጥንቃቄ ሲባል መድኃኒቱ እንዳይሰጣቸው ተወስኖ ነበር። ያም ሆኖ መድኃኒቱ በታደለባቸው ትምህርት ቤቶች ኪኒን ያልዋጡትም ልጆች ትላቸው ቀንሶ፣ መቅረታቸውም ቀንሶ ተገኘ!

ምክንያቱ እግራቸው ሥር ነበር። የትል እንቁላል ከሰገራ ጋር አፈር ላይ ይወድቃል፤ የመንጠቆ ትል እጭ በባዶ እግር በኩል ይገባል፣ ወስፋት ባልታጠበ እጅ ወደ አፍ ይሄዳል። አንዱ ሲታከም የጓደኛው አፈርም ይጸዳል። የቀደሙት ጥናቶች በአንድ ትምህርት ቤት ውስጥ የታከመውን ካልታከመው ጋር ያነጻጽሩ ስለነበር፣ ሁለቱም ሲሻላቸው መድኃኒቱ ብዙም የማይጠቅም መስሎ ይታይ ነበር። እንዲህ ባለ ስሌት ስንት ሕፃን ሳይታከም ቀርቶ ይሆን?

በ2001 አንዳንድ ትምህርት ቤቶች ወላጆችን ጥቂት ገንዘብ አስከፈሉ። ከ100 ልጆች 75 ያህል መድኃኒቱን ይወስዱ ነበር፤ ቁጥሩ ከ20 በታች ወረደ። እንዲህ ያለው መድኃኒት በነፃ መታደል አለበት የምለው ለዚህ ነው፤ የሚጠቅመው ጎረቤትንም ነውና።

ኬንያ በ2009 አገር አቀፍ ዘመቻ ጀመረች፤ በ2015 የእኛም አገር በትምህርት ቤቶች ተከተለች። በዚያው ዓመት የእንግሊዝ ተመራማሪዎች የእነ ክሬመርን ጥናት መረጃ እንደገና አስልተው፣ ጥቅሙ ራቅ ወዳሉ ትምህርት ቤቶች ይደርሳል በሚለው ክፍል ላይ ስህተት አገኙ፤ ክርክሩም ጦፈ። ሚጌልና ባልደረቦቹ ግን እነዚያን ልጆች መከተል አላቆሙም። ከ20 ዓመት በኋላ፣ ቀድመው የታከሙት የሰዓት ገቢያቸው በ13 በመቶ በልጦ ተገኘ።