ከደጋ ወደ ሐሩር አገር ስለ መውረድ

የሰው አካል ሙቀት በደጋም በቆላም 37 ዲግሪ ያህል ነው። በብርድ አገር ያለ ሰው ሙቀቱ ከዚህ እንዳይወርድ፣ በሐሩር አገር ያለውም ከዚህ እንዳይወጣ ሰውነቱ ቀንና ሌሊት ይሠራል። ይህ ሥራ ለለመደው ሰው ቀላል ነው፤ ከአንዱ አገር ወደ ሌላው በድንገት ለሚሄድ መንገደኛ ግን እጅግ ከባድ ነው።

በአዲስ አበባ ከተማ በደቡብ በኩል ነፋስ ስልክ ላፍቶ የሚባል ክፍለ ከተማ አለ። ስፍራው ከባሕር ወለል ከ2,000 ሜትር በላይ ከፍ ያለ ስለ ሆነ አየሩ ቀዝቃዛ ነው፤ ነፋስ ከስሙ እንኳ አልተለየም። በለቡ በኩል የሚያልፈው ሐዲድ አዳማን፣ አዋሽንና ድሬ ዳዋን እያቋረጠ እስከ ጅቡቲ ወደብ ይወርዳል። ሐዲዱ በ2009 ዓ.ም. ተመርቆ በ2010 ዓ.ም. ሥራውን ጀመረ። ከእርሱ በፊት የነበረው አሮጌው የምድር ባቡር ከባሕር ዳር ተነሥቶ ድሬ ዳዋ የደረሰው በ1895 ዓ.ም. ነበር። በዚህ መንገድ ወደ ታች የሚጓዝ ሰው 1,000 ሜትር በወረደ ቁጥር ሙቀቱ 6 ዲግሪ ያህል ይጨምርበታል። በበቅሎ ቢሆን ኖሮ ሰውነቱ ብዙ ቀን እየተለማመደ ይወርድ ነበር፤ ባቡርና መኪና ግን ይህን ጊዜ አይሰጡትም።

ደገኛውን ይልቁንም የሚያታልለው ወሩ ነው። በሐምሌ በላፍቶ ዝናብ ይጥላል፤ ልጆች ጋቢ ተከናንበው ከምድጃ ዳር ይቀመጣሉ። በዚያው በሐምሌ ግን በጅቡቲ የቀኑ ሙቀት ከ40 ዲግሪ ያልፋል። ክረምት ነው ብሎ ወፍራም ሹራብ የለበሰ፣ ውኃም ያልያዘ መንገደኛ፣ ማለዳ በብርድ እየተንቀጠቀጠ ተነሥቶ ሐሩር ውስጥ ሲገባ ምን ይሆናል?

ሰውነት ራሱን የሚያቀዘቅዝበትን ጥበብ ለመረዳት እንስራን መመልከት ይበቃል። የሸክላ እንስራ ውኃ በሞላ ጊዜ ጥቂት ጥቂት ውኃ በሸክላው ውስጥ እየሰረገ በውጭ በኩል ያረጥበዋል። ያም እርጥበት በነፋስ ሲደርቅ ከእንስራው ሙቀት ይወስዳል፤ ስለዚህ በውስጡ ያለው ውኃ ይቀዘቅዛል። የሰውም ላብ እንዲሁ ነው። ከቆዳው ላይ ሲደርቅ ሙቀት ይዞ ይሄዳል። ያልደረቀና እየተንጠባጠበ የሚወርድ ላብ ግን ሰውነትን አያበርድም። ጅቡቲን በመሰለ የባሕር ዳር አገር አየሩ ራሱ እርጥብ ስለ ሆነ ላብ ቶሎ አይደርቅም፤ ሰውም ይጨነቃል። በደረቅ በረሃ ደግሞ ላብ እንደ ወጣ ወዲያው ይደርቃልና መንገደኛው ያላበው አይመስለውም፤ ውኃው ከሰውነቱ ማለቁንም አያውቅም።

በብርቱ ሐሩር የሚሠራ ሰው በአንድ ሰዓት ከአንድ ሊትር የሚበልጥ ላብ ሊያወጣ ይችላል። ጥም ግን ዘግይቶ የሚመጣ መልእክተኛ ነው። ስለዚህ መንገደኛ እስኪጠማው ሳይጠብቅ በየጊዜው ጥቂት ጥቂት መጠጣት ይገባዋል። ሽንቱ ጥቂትና ጠቆር ያለ ከሆነ ውኃ አንሶታል ማለት ነው። ላብ ጨው እንዳለበት የቀመሰው ልጅ ሁሉ ያውቃል፤ ስለዚህ ብዙ ያላበው ሰው ውኃ ብቻ እየጠጣ መዋል የለበትም፤ ጨው ያለበት እህልም መብላት ያስፈልገዋል። ጠጅና አረቄ ውኃን አይተኩም።

ደገኛ ሐሩር ሲነካው አስቀድሞ የሚያስበው ልብሱን ማውለቅ ነው። ነገር ግን ራቁት ቆዳ በፀሐይ ይቃጠላል። ሰፊና ነጭ የጥጥ ልብስ ፀሐይን ይከለክላል፤ በውስጡም ነፋስ ያስገባል። ይህን በኢትዮጵያ ከአፋር ሕዝብ አብልጦ የሚያውቅ የለም ቢባል ማጋነን አይሆንም። በአፋር ምድር ያለው ዳሎል ከባሕር ወለል በታች ከ100 ሜትር በላይ ዝቅ ያለ ነው። ከ1953 እስከ 1959 ዓ.ም. በዚያ ሙቀት ሲለካ፣ የዓመቱ ሁሉ ቀንና ሌሊት ተደምሮ ሲካፈል 34.6 ዲግሪ ሆነ፤ ሰው በኖረበት ስፍራ ከዚህ የሚበልጥ የዓመት ሙቀት ተመዝግቦ አያውቅም። ከዚያ አሞሌ ጨው በግመል የሚያወጡ ሰዎች ግን ለብዙ መቶ ዓመታት ተመላልሰዋል። ግመል ጭነው የሚጓዙት ፀሐይ ሳትበረታ ነው፤ በቀትር ጥላ ካገኙ ያርፋሉ፤ ውኃቸውን በአቁማዳ ይይዛሉ። ቤታቸውም ከሰሌን የተሠራ ስለ ሆነ ነፋስ ያሳልፋል። እንግዳ ሰው ከእነርሱ ጋር ሲሄድ፣ እነርሱ ተቀምጠው ሳሉ እርሱ ብቻውን በቀትር ቢመላለስ ጉልበቱን ሳይሆን አለማወቁን ያሳያል። ከጧቱ 4 ሰዓት እስከ ቀኑ 10 ሰዓት ከባድ ሥራ ባይሠራ ይሻለዋል። ሰውነቱም ሐሩሩን እስኪለምድ አንድ ወይም ሁለት ሳምንት ያስፈልገዋል።

ከኢትዮጵያ እጅግ ርቃ በምትገኘው በአውስትራልያም ታላቅ በረሃ አለ። በዚያ አገር በጋው ታኅሣሥ፣ ጥርና የካቲት ነው። በ1952 ዓ.ም. ኡድናዳታ በምትባል ትንሽ ከተማ ሙቀቱ 50.7 ዲግሪ ደረሰ። የዚያ አገር መንገደኞች ከወፍራም ሸራ የተሰፋ ከረጢት ውኃ ሞልተው ከመኪናቸው ፊት ያንጠለጥሉ ነበር፤ ሸራው እየረጠበ ነፋሱም እያደረቀው ውኃው ይቀዘቅዝላቸዋል። ይህ የእንስራው ጥበብ አይደለምን? ደግሞም መኪና በበረሃ ቢበላሽ ትቶት በእግር መሄድ እንደማይገባ ለመንገደኛ ሁሉ ይነገራል። መኪና ጥላ ይሆናል፤ ፈላጊዎችም ከሩቅ ያዩታል፤ በእግሩ የሄደ ሰው ግን ውኃው ቶሎ ያልቃል፣ እርሱንም ማግኘት ያስቸግራል። መኪና ጥላ ይሆናል ሲባል ግን በሩና መስኮቱ ተከፍቶ ነው። በፀሐይ የቆመና የተዘጋ መኪና በጥቂት ደቂቃ እንደ ምድጃ ይግላል፤ በውስጡ ሕፃን ትቶ ለአፍታ እንኳ መሄድ ለሞት አሳልፎ እንደ መስጠት ነው።

ሐሩር ሰውን ሲጎዳ በመጀመሪያ ራስ ያማል፤ ያዞራል፤ ያቅለሸልሻል። በዚህ ጊዜ ሰውየው በጥላ ቢያርፍና ውኃ ቢጠጣ ይድናል። አካሉ ግን ከ40 ዲግሪ በላይ ከጋለ አእምሮው ይታወካል፤ የማይገናኝ ነገር ይናገራል፤ ሲራመድም ይንገዳገዳል። ያላወቁ ሰዎች ሰክሯል ብለው ይሥቁበታል። እርሱ ራሱ መታመሙን አያውቅምና የሚያድኑት ባልንጀሮቹ ብቻ ናቸው። ፈጥነው ወደ ጥላ ወስደው ልብሱን ያላላሉ፤ በሰውነቱ ሁሉ ውኃ አፍስሰው በኩታ ወይም በሰሌን ያራግቡታል፤ የረጠበ ጨርቅም በአንገቱና በብብቱ ያኖራሉ። ራሱን ከሳተ በአፉ ውኃ አይጨምሩበትም፤ ትን ብሎት ሊሞት ይችላልና። አንዱ ሐኪም ሊጠራ ሲሮጥ ሌሎቹ ማቀዝቀዙን አይተዉም፤ ወደ ሐኪም ቤት ሲጭኑትም በመንገድ ሁሉ እያረጠቡና እያራገቡ ይወስዱታል።