ነብር ባለበት ገደል መንገድ

ከወግዲ ደጋ ወደ ዓባይ በረሃ የሚወርድ ሰው ነብር የማየት ዕድሉ ትንሽ ነው። ነብሩ እሱን የማየት ዕድሉ ግን የዚያን ያህል ትንሽ አይደለም። አውሬው የሚኖረው ተሸሽጎ ነው። ቀን በዋሻ ወይም ጥቅጥቅ ባለ ቁጥቋጦ ውስጥ ተኝቶ ይውልና ሲመሽ ለብቻው ይወጣል። ሚዳቋ፣ ድኩላ፣ ሽኮኮ፣ ዝንጀሮ፣ ያገኘውን ይበላል፤ ሲቸግረው በቆቅና በአይጥም ያድራል። ጭላዳ ቀኑን ሜዳ ላይ ሣር ሲነቅል ውሎ ማታ ገደል ላይ ተለጥፎ የሚያድረው እንዲህ ያለውን ጠላት ፈርቶ ነው።

ከመካነ ሰላም ከተማ ብዙም የማይርቀው የደንቆሮ ጫካ ከነብር መጠለያዎች አንዱ ነው። ጫካው በ2001 ዓ.ም. ብሔራዊ ፓርክ ሆኖ ተከለለ፤ ኋላም ስፋቱ ጨምሮ ቦረና ሳይንት ወረሂመኖ ተባለ። ከ1,900 ሜትር ግድም ተነስቶ እስከ 3,700 ሜትር ይወጣል። ቀይ ቀበሮ ለማየት የሚሻ ሰው ከላይ፣ ጅብራና ጓሳ ወዳለበት ውርጭ ይውጣ። ለነብር የሚስማማው ግን ዛፉና ገደሉ የሚገናኙበት ወገቡ ነው።

ስለ ጥቁሩ ገሰላም አንድ ነገር ማለት ያስፈልጋል። ብዙ ሰው ገሰላን ከነብር የተለየና የከፋ አውሬ አድርጎ ያወራል። ነገር ግን ገሰላ ያው ነብር ነው፤ ጥቁረቱ በዘር የሚወረስ ነው። ፀሐይ በደንብ ስታርፍበት በጥቁሩ ጸጉር ውስጥ ዝንጉርጉሩ ይታያል። ከአንድ እናት ቢጫና ጥቁር ግልገል ሊወለድም ይችላል። ቆዳው በመኳንንት ትከሻ ላይ የክብር ልብስ የነበረበት ዘመን አልፏል፤ ዛሬ የነብር ቆዳ ንግድ በዓለም አቀፍ ስምምነት የተከለከለ ነው።

መንገደኛ መጀመሪያ ማወቅ ያለበት ዱካውን ነው። ዝናብ ባረጠበው ጭቃ ላይ የነብር እግር ክብ ሆኖ ይታተማል፤ አራት ጣት አለው፣ የጥፍር ምልክት ግን የለውም፤ ሲራመድ ጥፍሩን ወደ ውስጥ ይሰበስባልና። የጅብ ዱካ ላይ ጥፍሩ በግልጽ ይታያል። ድምፁም ይለያል፤ ነብር ሲጠራ መጋዝ ግንድ ሲቆርጥ የሚያሰማውን ዓይነት ሻካራ፣ የሚመላለስ ድምፅ ያወጣል። ዝንጀሮ ወይም ጦጣ ድንገት አንድ ቦታ ላይ አፍጥጦ መጮህ ከጀመረ ወደዚያ አለመሄድ ነው። የፍየል ወይም የድኩላ ሬሳ ዛፍ ቅርንጫፍ ላይ ተሰቅሎ ከታየማ ባለቤቱ ሩቅ አይደለም።

ድንገት ፊት ለፊት ቢገጥምስ? በአሜሪካ ተራሮች ላሉ እግረኞች የሚሰጠው ምክር ፑማ ለሚባለው የዚያ አገር ትልቅ የዱር ድመት የወጣ ነው። የምክሩ አብዛኛው ለነብርም ይሠራል፦ አለመሮጥ፣ አለማጎንበስ፣ ሕፃን ካለ ጀርባ ሳይሰጡ ማንሳት፣ ጋቢን ዘርግቶ ገዝፎ መታየት፣ ጠንከር ባለ ድምፅ እየተናገሩ ቀስ ብሎ ወደ ኋላ ማፈግፈግ። የሚለየው ዓይን ላይ ነው። ፑማን አተኩረህ እየው ይባላል፤ ነብርን አፍጥጦ ማየት ግን ሊያስቆጣው ስለሚችል ከዓይኑ ዝቅ አድርጎ እያዩት መጠበቁ ይሻላል። መውጫ መንገዱንም አይዝጉበት። ከዘለለ ደግሞ የሚፈልገው አንገት ነውና አንገትን ሸፍኖ በዱላም በድንጋይም መታገል እንጂ ሞቶ መምሰል አያዋጣም። የነብር ጅራት አይዙም፣ ከያዙም አይለቁም የሚለው ተረት እዚህ ላይ ይሠራል።

ውሻ አስከትሎ መሄድን ብዙዎች መከላከያ ያደርጉታል። እኔ አልመክርም። ውሻ ነብር ከሚወዳቸው ምግቦች አንዱ ነው፤ የፈራ ውሻ ደግሞ አውሬውን አስከትሎ የሚመጣው ወደ ጌታው ነው። ከእረኛ ጋር ሰብሰብ ብሎ፣ እየተጫወቱ፣ ፀሐይ ሳትጠልቅ መድረስ ይበልጣል። ውጭ ለሚያድር ሰው ከነብር ይልቅ የሚያሰጋው ጅብ ስለሆነ ከሰው ቤት ማደሪያ መለመን ብልህነት ነው።

ሰው በላ ነብር የሚባለው ግን ተረት ብቻ አይደለም። በሕንድ ሩድራፕራያግ አንድ ነብር ከ1918 እስከ 1926 እ.ኤ.አ. 125 ሰው እንደገደለ ተመዝግቧል፤ ነብሩን የገደለው አዳኙ ጂም ኮርቤት ነው። እንደ ኮርቤት ግምት የሰው ሥጋ ያስለመደው በወረርሽኝ ጊዜ ሳይቀበር የተጣለ ሬሳ ነው። ጥርሱ የረገፈ ወይም የቆሰለ ነብርም ሚዳቋ ማባረር ሲያቅተው ቀላል ምግብ ይፈልጋል። ነብር በስንጥር የታጠረ ጋጥ ውስጥ ገብቶ ፍየሎቹን ሲፈጅበት የተናደደ ገበሬ ወጥመድ ይዘረጋል፣ በሬሳ ላይም መርዝ ያደርጋል፤ መርዙ ጥንብ አንሳንም ቀበሮንም አብሮ ይጨርሳል፣ ከወጥመዱ አንክሶ ያመለጠው ነብር ደግሞ ለሰፈሩ ከበፊቱ ይብሳል። ከጋጡ ዙሪያ ጠንካራ የድንጋይ ካብ፣ ከላዩም እሾህ መጫን ከዚያ ሁሉ ያዋጣል።

የተቧጨረ ወይም የተነከሰ ሰው ቁስሉን ወዲያው በሳሙናና በብዙ ውሃ አሥራ አምስት ደቂቃ ያህል ይጠብ። ጥፍርና ጥርስ ውስጥ ያለው ቆሻሻ ቁስል ያመረቅዛል፣ የእብድ ውሻ በሽታም ከማንኛውም አጥቢ አውሬ ሊተላለፍ ይችላል። ስለዚህ ጭረቱ ትንሽ ቢመስልም በዚያው ቀን ወደ ሐኪም ቤት ሄዶ ክትባቱን መጠየቅ ያስፈልጋል።