ስለ ስማርት አምፑልና ስለ ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ነጋዴው ሊያውቀው የሚገባ ነገር

ከሩቅ የሚታዘዝ የቤት መብራት፣ ማለት ስማርት አምፑልና ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ እየተባለ የሚጠራው ሸቀጥ፣ በኤሌክትሪክ ዕቃ መደብሮች መደርደሪያ ላይ ቦታ ይዟል። ገዢው በስልኩ መብራቱን ሲያበራና ሲያጠፋ፣ ብርሃኑን ሲቀንስና ቀለሙን ሲለውጥ በዓይኑ ስለሚያይ ዕቃው ራሱን በራሱ ይሸጣል ለማለት ይቻላል። ዳሩ ግን ከተሸጠ በኋላ ወደ ሱቁ የሚመለስበት ጊዜ አለ፤ ሲመለስም ሁልጊዜ ተበላሽቶ አይደለም። ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ከቤቱ የሽቦ አሠራር ወይም ከቤተ ሰቡ ልማድ ጋር ሳይስማማ ይቀራል። አስመጪውም ሆነ ባለሱቁ ገንዘቡን በዚህ ሸቀጥ ላይ ከማሰሩ በፊት ይህ አለመስማማት ከምን እንደሚመጣ ቢመረምር ኪሳራን ይከላከላል።

ቤትን ከሩቅ የማዘዝ ሐሳብ ዛሬ የተወለደ አይደለም። እንደ አውሮፓ አቆጣጠር በ1975 ዓ.ም. (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመቶች ሁሉ በዚሁ አቆጣጠር ናቸው) በስኮትላንድ በግሌንሮትስ ከተማ የነበረው ፒኮ ኤሌክትሮኒክስ የተባለ ኩባንያ ኤክስ 10 የተሰኘውን ዘዴ ሠራ። ይህ ዘዴ ትእዛዙን የሚልከው በግድግዳው ውስጥ በተዘረጋው በዚያው በመብራቱ ሽቦ ላይ ነበር። በኋላ የሽቦውን ሥራ ሬዲዮ ወረሰው። በኦክቶበር 2012 ፊሊፕስ ሂዩ የተባለውን አምፑል ለገበያ ሲያወጣ ሦስት አምፑልና አንድ አገናኝ ሳጥን በ199 የአሜሪካ ዶላር ይሸጥ ነበር። ከዚያ ወዲህ ሌሎች ብዙ ፋብሪካዎች ገብተውበት ዋጋው ወርዷል፣ ዓይነቱም በዝቷል።

ስማርት አምፑል ከውጭ ሲታይ ከተራው ኤል.ኢ.ዲ. አምፑል ብዙም አይለይም። በውስጡ ግን ብርሃን ከሚሰጡት ኤል.ኢ.ዲ.ዎችና ኃይሉን ለእነርሱ ከሚመጥነው ክፍል በተጨማሪ ትእዛዝ የሚቀበል ትንሽ ሬዲዮ አለ። ብልህ አምፑል ብለው የሚተረጉሙት አሉ፤ ብልህነቱ ግን ኃይል እስካገኘ ድረስ ብቻ ነው። ብርሃኑ ጠፍቶ ሳለ እንኳ ሬዲዮው ነቅቶ ትእዛዝ ይጠብቃልና ጥቂት ኃይል መውሰዱን አያቋርጥም። የአውሮፓ ኅብረት ከሴፕቴምበር 2021 ጀምሮ የዚህን የመጠባበቂያ ኃይል ልክ በአንድ አምፑል ከ0.5 ዋት እንዳይበልጥ ወስኗል። ግማሽ ዋት ዓመቱን ሙሉ ቢቆጠር 4.4 ኪሎ ዋት ሰዓት ያህል ይሆናል። ሃያ አምፑል ለሚያስገባ ቤት ወደ 88 ኪሎ ዋት ሰዓት መሆኑ ነው፤ ብዙ ገንዘብ ባይሆንም ኤሌክትሪክ ይቆጥባል ብሎ የሚሸጥ ባለሱቅ ይህን ሒሳብ ሊዘነጋው አይገባም።

ዋናው ጠብ የሚነሣው እዚህ ላይ ነው። አምፑሉ ዘወትር ኃይል ይፈልጋል፤ በግድግዳው ላይ ያለው ተራ ማብሪያ ማጥፊያ ደግሞ ሥራው ኃይልን መቁረጥ ነው። ልጅየው ከውጭ አገር መጥቶ የእናቱን ሳሎን በስማርት አምፑል ቢያስውብ፣ ማታ ሁሉም ከተኛ በኋላ እናቲቱ እንደ ልማዳቸው ዞረው መብራቱን ሁሉ ከግድግዳው ያጠፋሉ። እርሳቸው የሠሩት ስሕተት የለም፤ መብራት አጥፍቶ መተኛት የደንበኛ ቤት ሥርዓት ነው። ጠዋት ግን ስልኩ አምፑሉን ቢጠራ የሚመልስለት የለም፤ በሰዓት እንዲበራ የታዘዘውም አይበራም። በሱቅ ውስጥ ለማሳያ የተሰቀለው አምፑል ይህን ጉድለት ፈጽሞ አያሳይም፣ በሱቅ ውስጥ ኃይሉን ከግድግዳው የሚቆርጠው ሰው የለምና።

ዚግቢ በተባለው የሬዲዮ ዘዴ የሚሠሩት አምፑሎች ደግሞ አንዱ የሌላውን መልእክት ተቀብሎ ወደፊት ያስተላልፋል። በኮሪደሩ መካከል ያለው አምፑል ከግድግዳው ሲጠፋ፣ በእርሱ በኩል መልእክት ይደርሰው የነበረው የጓዳው አምፑል ሌላ መንገድ ካላገኘ አብሮ ይደነቁራል። ባለቤቱም የጓዳው አምፑል ተበላሸ ብሎ ይዞት ወደ ሱቅ ይመጣል፤ ባለሱቁ ሲሞክረው በደንብ ይሠራል፤ ከዚያ በኋላ የሚከተለውን ክርክር የመደብር ሰው ሁሉ ያውቀዋል።

ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ይህን ጠብ በሌላ አቅጣጫ ይፈታዋል። ሬዲዮው በአምፑሉ ውስጥ መሆኑ ቀርቶ በግድግዳው ውስጥ ይቀመጣል፤ አምፑሉ ተራ ሆኖ ይቀራል፤ እናቲቱም በጣታቸው ቢጫኑት፣ ልጃቸውም በስልኩ ቢያዝዘው ሁለቱም ይሆንላቸዋል። ስድስት ወይም ስምንት አምፑል ላለው የሳሎን ጌጥ መብራትም በየአምፑሉ ከመክፈል አንድ ማብሪያ ማጥፊያ መግዛት ይበቃል። ነገር ግን ይህ ዕቃ ከቤቱ የሽቦ አሠራር ጋር የራሱ ችግር አለበት፤ ነጋዴው ከሁሉ ይልቅ ሊጠነቀቅ የሚገባውም በዚህ ነው።

ተራ ማብሪያ ማጥፊያ የሚያስፈልገው ፌዝ ብቻ ነው። ፌዙ ወደ ማብሪያ ማጥፊያው ይወርዳል፣ ከዚያም ተመልሶ ወደ አምፑሉ ይወጣል፤ ኒውትራሉ ግን በኮርኒስ ላይ በኩል በቀጥታ ወደ አምፑሉ የሚሄድበት ቤት ብዙ ነው። በእንዲህ ያለ ቤት የማብሪያ ማጥፊያው ሳጥን ቢከፈት ኒውትራል አይገኝም። ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ ግን የራሱን ሬዲዮ የሚያንቀሳቅስ ኃይል ስለሚሻ አብዛኛውን ጊዜ ኒውትራል ይፈልጋል። በእንግሊዝ አገር ቤቶች ኒውትራልን እስከ ማብሪያ ማጥፊያው አለማድረስ የቆየ ልማድ ነው፤ በአሜሪካም የ2011 ዓ.ም. ብሔራዊ የኤሌክትሪክ ደንብ ነው በመብራት ማብሪያ ማጥፊያ ሳጥን ውስጥ ኒውትራል እንዲገኝ በጠቅላላው ያዘዘው። እንግዲህ በውጭ አገር ካታሎግ ላይ ለማንኛውም ቤት ይሆናል የሚል ቃል ቢነበብ፣ ቃሉ የተጻፈው ለየትኛው አገር ቤት እንደሆነ መጠየቅ ያስፈልጋል።

ያለ ኒውትራል የሚሠሩ ማብሪያ ማጥፊያዎችም አሉ። እነዚህ መብራቱ ጠፍቶ ሳለ በአምፑሉ በኩል እጅግ ጥቂት ኃይል እያሳለፉ ራሳቸውን ይመግባሉ። በድሮው ባለ ክር አምፑል ይህ አይታወቅም ነበር፤ ጥቂት ዋት ብቻ የሚወስደው ኤል.ኢ.ዲ. ግን በዚያች ኃይል ጠፍቶ ሳለ ደብዘዝ ብሎ ሊበራ ወይም ሊርገበገብ ይችላል። መድኃኒቱ ከአምፑሉ ጎን የሚታሰር ትንሽ ማሳለፊያ ዕቃ ነው። አንዳንዱ ፋብሪካ ከማብሪያ ማጥፊያው ጋር ያኖረዋል፣ አንዳንዱ ለብቻው ይሸጠዋል። አስመጪው ይህን ሳይጠይቅ ካዘዘ ደንበኛው ገንዘቡን ከፍሎ የሚርገበገብ መብራት ይተርፈዋል። ባለሱቁ በበኩሉ ከመሸጡ በፊት ቤቱን የዘረጋው የኤሌክትሪክ ሠራተኛ ሳጥኑን ከፍቶ እንዲያይ ደንበኛውን ቢመክር፣ ሽያጩ በአንድ ቀን ቢዘገይም ዕቃው አይመለስበትም።

ሁለቱንም በአንድ ላይ ልግዛ የሚል ደንበኛም ይመጣል። ስማርት ማብሪያ ማጥፊያ በስማርት አምፑል ላይ ተደርቦ እንዲሁ ከታሰረ የድሮው ጠብ ይመለሳል፤ አንዱ ኃይሉን ቆርጦ ሌላውን ያደነቁረዋል። ብርሃን መቀነሻ ወይም ዲመር ከሆነማ ይብሳል፣ የአምፑሉን ኤሌክትሮኒክስ እስከ መጉዳት ሊደርስ ይችላል። ቀለም የሚለውጥ አምፑል የሚፈልግ ሰው ግን አምፑሉን መተው አይችልምና ለእርሱ የሚሆነው መንገድ ሌላ ነው። ማብሪያ ማጥፊያው ኃይሉን ሳይቆርጥ ትእዛዝ ብቻ እንዲያስተላልፍ የሚያደርግ ማስተካከያ ያላቸው አሉ። በባትሪ የሚሠራ፣ በግድግዳ ላይ የሚለጠፍ ባለ አዝራር ማዘዣም አለ። ፊሊፕስ ሂዩም በ2021 ዓ.ም. ከነባሩ ማብሪያ ማጥፊያ ጀርባ የሚገባ ባለ ባትሪ ዕቃ አውጥቷል፤ የመብራቱ ሽቦዎች ሳይቋረጡ በቀጥታ ይታሰሩና የድሮው ማብሪያ ማጥፊያ ከዚያ ወዲያ ምልክት ሰጪ ብቻ ይሆናል። እንዲህ ያለው ለአረጋውያን ቤት የተሻለ ነው፣ ልማድን አያስለቅቅምና።

መብራት ሄደ፣ መብራት መጣ የሚለውን አነጋገር የማያውቅ የአገራችን ሰው የለም። ስማርት አምፑል ግን ኃይል ሲመለስለት ሰው ከግድግዳው አበራኝ ወይስ የሄደው መብራት መጣ ብሎ ለመለየት አይችልም። ኃይል ሲመጣለት ወዲያውኑ እንዲበራ ሆኖ የተሠራ ከሆነ፣ ከሌሊቱ 8 ሰዓት ላይ መብራት ሲመለስ የቤቱ አምፑል ሁሉ በሙሉ ብርሃኑ ቦግ ብሎ ሕፃን ሽማግሌ ያስነሣል። ሂዩም በመጀመሪያ እንዲህ ነበር፤ ወደ ነበረበት ሁኔታ እንዲመለስ የማድረጉ ማስተካከያ የተጨመረው በኋላ ነው። ከዚህም ሌላ ብዙ አምፑሎች በተከታታይ ቶሎ ቶሎ ሲጠፉና ሲበሩ ከፋብሪካ እንደወጡ ወደሆኑበት ሁኔታ ይመለሳሉ፤ የኢኬያ ትሮድፍሪ አምፑል ለምሳሌ ስድስት ጊዜ ሲጠፋና ሲበራ የተማረውን ሁሉ ይረሳል። ኃይል በሚቆራረጥበት ሰፈር ይህ ያለ ባለቤቱ ፈቃድ ሊደርስ ይችላል። ስለዚህ አስመጪው ኃይል ሲመለስ አምፑሉ ምን እንደሚያደርግ፣ ይህም ሊለወጥ የሚችል መሆኑን ከማዘዙ በፊት በጽሑፍ ይጠይቅ።

ስለ ቮልት ብዙ መናገር አያሻም፤ የአገራችን መሥመር 220 ቮልትና 50 ኸርዝ ነው፣ የአሜሪካው 120 ቮልትና 60 ኸርዝ ነው። ዘመድ በሻንጣ ያመጣው የአሜሪካ አምፑል በሁለቱም ቮልት የሚሠራ መሆኑ በላዩ ካልተጻፈ መሰካት የለበትም። የአምፑሉ እግርም የሚጠመዘዘው ኢ 27 ነው ወይስ ባለ ሁለት ጆሮው ቢ 22 መሆኑ ይታይ። ማብሪያ ማጥፊያ ሲሆን በግድግዳው ያለው የቀዳዳው ቅርጽ ይጨመራል፤ የእንግሊዙ ሳጥን አራት ማዕዘን፣ የአሜሪካው ቁመቱ ረዘም ያለ፣ በብዙ የአውሮፓ አገሮች ያለው ክብ ነው። ከዱባይ የሚመጣው የማብሪያ ማጥፊያ ሸቀጥ በእንግሊዙ ልክ ሊሆን ይችላልና ከማዘዝ በፊት መለካት ያሻል። ከሬዲዮዎቹ መካከል ዚግቢና ዋይፋይ በ2.4 ጊጋ ኸርዝ ስለሚሠሩ በየአገሩ አይለያዩም፤ ዜድ ዌቭ ግን ለአውሮፓ በ868፣ ለአሜሪካ በ908 ሜጋ ኸርዝ ስለሚሠራ የአንዱ አገር ዕቃ ከሌላው ጋር አይነጋገርም። ዕቃው ሬዲዮ ያለው በመሆኑ እንደ ተራ የኤሌክትሪክ ሸቀጥ ብቻ አይታይም። ስለዚህ አስመጪው ስለ ፈቃዱ ከጭነቱ በፊት የኢትዮጵያ ኮሙኒኬሽን ባለሥልጣንን ቢጠይቅ ዕቃው ጉምሩክ ከደረሰ በኋላ ከሚመጣ መጉላላት ይድናል።

ሌላው አደጋ ከዕቃው ውጪ ነው። ከእነዚህ ዕቃዎች ብዙዎቹ ትእዛዛቸውን የሚቀበሉት ባሕር ማዶ ባለው በኩባንያው ኮምፒዩተር በኩል ነው፤ ኩባንያው አገልግሎቱን ሲዘጋ ወይም የቤቱ ኢንተርኔት ሲቋረጥ ዕቃው ደኅና ሆኖ ሳለ ሥራ ይፈታል። ሪቮልቭ የተባለው የ299 ዶላር አገናኝ ሳጥን፣ ኔስት ኩባንያውን ከገዛው በኋላ በሜይ 2016 አገልግሎቱ ተዘጋ። ሎውስ የተባለው የአሜሪካ መደብር አይሪስ የተሰኘውን የቤት ዘዴ በማርች 2019 አቆመ። የኢንስቲዮን ኮምፒዩተሮችም በኤፕሪል 2022 ያለ ማስጠንቀቂያ ዝም አሉ፤ በኋላ ደንበኞች የነበሩ ሰዎች ኩባንያውን ገዝተው አስነሡት እንጂ የብዙ ሰው ገንዘብ በከንቱ ሊቀር ነበር። በእንዲህ ያለ ጊዜ ደንበኛው የሚያውቀው ባሕር ማዶ ያለውን ኩባንያ አይደለም፣ ዕቃውን የሸጠለትን ባለሱቅ ነው።

ማተር የተባለው የጋራ ስምምነት በኦክቶበር 2022 የመጀመሪያ እትሙ የወጣው አንዱም ምክንያት ይኸው ነው። አፕል፣ ጉግል፣ አማዞንና ሳምሰንግ የሚገኙበት ማኅበር ያወጣው ሲሆን፣ ዕቃዎቹ የተለያየ ፋብሪካ ቢሆኑም በዚያው በቤቱ ውስጥ እንዲነጋገሩ የታሰበ ነው። ማተር የሚል ምልክት ያለበት አምፑል ወይም ማብሪያ ማጥፊያ ዋጋው ጥቂት ቢበልጥም ለአስመጪው የተሻለ ነው፤ በመጋዘን ሁለት ዓመት ቢቀመጥ እንኳ የአንድ ኩባንያ ዕድል ተከታይ አይሆንምና።

የማተር ዕቃ በላዩ ወይም በወረቀቱ ላይ በስልክ የሚነበብ አራት ማዕዘን ምልክትና 11 አኃዝ ያለው ቁጥር ታትሞበት ይመጣል። ያለዚህ ቁጥር ዕቃውን ከቤቱ ስልክ ጋር ማገናኘት አይቻልም። ቁጥሩ የየአምፑሉ የግል ነውና በሱቅ ውስጥ ለማሳየት ካርቶን ሲከፈት የአንዱ ወረቀት ከሌላው እንዳይቀላቀል፣ ደንበኛውም ካርቶኑን ከመጣሉ በፊት ቁጥሩን ቀድቶ እንዲያኖር ሻጩ ሊነግረው ይገባል።