ከጥላሸት የሚወጣ ብርሃን

በጅግጅጋም ሆነ በቶጎ ውጫሌ ገበያ ከሰል በጆንያ ይሸጣል፤ ጥላሸትን ግን ከድስት ቂጥ ፍቆ ከመጣል በቀር ዋጋ የሚሰጠው የለም። በ2004 እ.ኤ.አ. በአሜሪካ፣ በሳውዝ ካሮላይና፣ የኬሚስትሪ ሊቃውንት በኤሌክትሪክ ብልጭታ የተገኘ ጥላሸት ሲያጣሩ ሳያስቡት የሚያበሩ የካርቦን ቅንጣቶች አገኙ። በ2007 ደግሞ ሌሎች ተመራማሪዎች የሻማ ጥላሸት በናይትሪክ አሲድ አፍልተው ይህንኑ አወጡ። የቅንጣቶቹ ስፋት ከ10 ናኖሜትር አይበልጥም፤ ይኸውም የአንድ ሚሊሜትር መቶ ሺህኛ እጅ መሆኑ ነው። በአልትራቫዮሌት ጨረር ሲመቱ እንደ ዓይነታቸው ሰማያዊ፣ አረንጓዴ ወይም ቢጫ ብርሃን ይሰጣሉ።

ሐኪሞችን የማረካቸው ይህ ብርሃን ነው፤ ወደ ሕዋስ የገባውን ቅንጣት በማይክሮስኮፕ ለመከታተል ያስችላልና። ቀድሞ ለዚሁ ሥራ የተሞከሩት ቅንጣቶች ብዙዎቹ ካድሚየም የተባለ መርዛማ ብረት ነበረባቸው። የካርቦኑ በ2009 በአይጦች ላይ ተሞክሮ በሽንት ሲወጣ ታይቷል። መድኃኒት ተሸክሞ ወደ ዕጢ እንዲደርስም እየተሞከረ ነው፤ ይሁን እንጂ ሥራው ከሞላ ጎደል ገና በቤተ ሙከራ ነው።

እንግዲህ የከሰል ዱቄት በብልቃጥ ይዞ «ያ የፈረንጅ መድኃኒት ይህ ነው» የሚል ሻጭ ከሱቅ ደጃፍ ቢቆም፣ ነጋዴው ገንዘቡን አያውጣ። ቅንጣቱ የሚገኘው በኬሚስት እጅ ተዘጋጅቶና ተጣርቶ እንጂ በሙቀጫ ተወቅጦ አይደለም።