አሮጌ መዝገበ ቃላት በእንግዳ ስርዓተ ክወና፦ ከዩኒኮድ በፊት የተከተቡ የመስክ መረጃዎችን ስለ ማንበብ

እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ በግዕዝ ፊደል የተከተቡ የቃላት ዝርዝሮች ዛሬ በአዲስ ኮምፒውተር ሲከፈቱ አብዛኛውን ጊዜ የሚታየው ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደላት ድርድር ነው። ፋይሉ ግን አልተበላሸም። የግዕዝ ፊደል ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 በ3.0 እትም ሲሆን፣ ከዚያ በፊት የፎንት ሠሪዎች ሆሄያቱን በየራሳቸው ሥርዓት በላቲን ኮዶች ላይ ያስቀምጡ ነበር። በአንዱ ፎንት «መ» የሆነው ኮድ በሌላው «ሸ» ሊሆን ይችላል።

መለወጫ ፕሮግራም ብቻውን ለጋዜጣ ጽሑፍ ይበቃ ይሆናል፤ ለቋንቋ ጥናት ግን አይበቃም። ከሆሄው በላይ በሁለት ነጥብ የሚጻፈው የጥብቀት ምልክት ዩኒኮድ ውስጥ የገባው ገና በ2005 በ4.1 እትም ነው። ለብሊን፣ ለሜኤንና ለሰባት ቤት ጉራጌ የሚያስፈልጉ ተጨማሪ ሆሄያትም የገቡት በዚሁ እትም ሲሆን፣ የባስኬቶና የጉሙዝ እስከ 2010 ቆይተዋል። ቀደም ብሎ የሠራ ተመራማሪ የጎደለውን ምልክት በፎንቱ ውስጥ በራሱ መንገድ ከመጨመር ሌላ ብዙ ምርጫ አልነበረውም። ይህን ኮድ የማያውቅ መለወጫ በዝምታ ሊጥለው ይችላል። ያን ጊዜ ላልቶ «ተናገረ» የሚለው «አለ» እና ጠብቆ «ይገኛል» የሚለው «አለ» አንድ ይሆናሉ፤ ድግግሞሽ የሚያጠፋ ትእዛዝ ከተከተለ ደግሞ አንዱ ይሰረዛል። በአማርኛ ስሕተቱን ማንም ተናጋሪ ያርመዋል። መረጃ አቀባዮቹ ባለፉበት ቋንቋ ግን የሚያርመው አይገኝም።

ስለዚህ ጸሐፊው በስክሪኑ ላይ ያየውን መልሶ ማየት ያስፈልጋል። ባለ 64 ቢት ዊንዶውስ ባለ 16 ቢት ፕሮግራሞችን ስለማያስኬድ፣ ለዚህ የሚመረጠው መንገድ አሮጌውን ስርዓተ ክወና በቨርቹዋል ማሽን ውስጥ በእንግድነት ማስኬድ ነው። እንደ ቨርቹዋልቦክስ ያለ ፕሮግራም በሊኑክስም ሆነ በአዲስ ዊንዶውስ ላይ ይጫናል፤ ለእንግዳው እንደ ሐርድ ዲስክ የሚያገለግለው አንድ ተራ ፋይል ነው። ለዊንዶውስ ኤክስፒ 512 ሜጋባይት ራምና 10 ጊጋባይት ቦታ በቂ ነው፤ ሕጋዊ ቅጂ ግን ሊኖር ይገባል። በራሱ በአፕል ፕሮሰሰር በሚሠሩ ማኮች ላይ ኢሙሌተር ስለሚያስፈልግ ሥራው ይዘገያል። ሁለት ስርዓተ ክወናዎችን በአንድ ዲስክ ላይ ጎን ለጎን መጫንም ይቻላል፤ ይሁን እንጂ ዲስኩን ሲከፍሉ የሚሠራ ስሕተት ሊታደጉት የነበረውን መረጃ ሊያጠፋ ስለሚችል አይመከርም።

ኤክስፒ የደኅንነት ድጋፉ በሚያዝያ 2014 ስለ ተቋረጠ የእንግዳው የኢንተርኔት ግንኙነት መዘጋት አለበት። ፋይሎች በተጋራ ፎልደር ይገባሉ፤ የሚገባውም ቅጂው እንጂ ዋናው አይደለም። የጥንቱ ፎንትና ፕሮግራም ከተጫኑ በኋላ በፋይሉ ውስጥ ያለው እያንዳንዱ ኮድ በስክሪኑ ላይ ከሚታየው ሆሄ ጋር እየተነጻጸረ የመለወጫ ሠንጠረዥ ይዘጋጃል። አሰልቺ ሥራ ነው፤ በተለይ የፊደል ገበታው በሁለት ፎንቶች ተከፍሎ ሲገኝ። ሠንጠረዡ፣ የስክሪኑ ምስልና የፎንቱ ፋይል ካልተነካው ዋና ፋይል ጋር በአንድ ላይ ይቀመጣሉ።