ሊኑክስ ላይ ዲቪዲ አልቃጠል ሲል

«በዚህ ዘመን ደግሞ ዲቪዲ ማን ያቃጥላል?» ትሉ ይሆናል። ሁላችንም ስልክ ላይ ነን፤ እኔም እንደዚያው። ግን ከደብረ ታቦር ወጣ በሉና አዲስ ዘመን፣ ጣራ ገዳም አካባቢ ዘመድ ቤት ግቡ። ቴሌቪዥኑ ሥር የዲቪዲ ማጫወቻ፣ ጎኑ የሰርግና የመዝሙር ሲዲ አታጡም። አክስቴ ስማርትፎን የላቸውም፤ ማጫወቻቸውም ፍላሽ አይቀበልም። በሕይወት የሌለችው አያቴ ስትመርቅ የተቀረጸችው ደግሞ እኔ ስልክ ላይ ነው። እሳቸው ቤት የሚደርሰው በዲቪዲ ብቻ ነው።

ላፕቶፔ ላይ ያለው ኡቡንቱ ነው፤ በነጻ ይወርዳል፣ ፈቃድ አይገዛም። ከ16.04 እትሙ (2016 እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ግን ብራሴሮ የተባለው ማቃጠያ አብሮ አይመጣም። እሱን ወይም ኬ3ቢን ራሳችሁ ትጭናላችሁ። ከዚያ በኋላ እምቢ ሲል በዚህ ቅደም ተከተል ሂዱ።

አንደኛ፣ ገመዱ። በዩኤስቢ የሚሰካ ማቃጠያ ኤሌክትሪክ የሚያገኘው ከላፕቶፑ ነው። ማከፋፈያ ላይ ከሰካችሁት ኃይል ያንሰውና መሀል ላይ ይቋረጣል። በቀጥታ ላፕቶፑ ላይ ሰኩት።

ሁለተኛ፣ ፈቃድ። ፕሮግራሙ «ማቃጠያ የለም» ካለ፣ የተጠቃሚ ስማችሁ «ሲዲሮም» በሚባለው ቡድን ውስጥ መኖሩን እዩ። ከሌለ ጨምሩና ከአካውንታችሁ ወጥታችሁ እንደገና ግቡ። ካልወጣችሁ ለውጡ አይሠራም።

ሦስተኛ፣ ፍጥነት። ኢኮኖሚክስ ስንማር እያንዳንዱ ምርጫ የሚያስቀርብን ነገር አለ ተብለናል፤ እዚህም ያው ነው። ሙሉ ዲቪዲ በ4 እጥፍ ፍጥነት 15 ደቂቃ ገደማ ይፈጃል፤ በ16 እጥፍ 6 ደቂቃ አካባቢ። የምታተርፉት 9 ደቂቃ ነው። የምትከፍሉት ደግሞ የተበላሸ ዲስክና አዲስ ዘመን ድረስ ደርሶ መልስ ሊሆን ይችላል። ዝግ አድርጉት።

አራተኛው ብዙ ሰው የሚያደክመው ነው፦ ተቃጥሏል፣ ላፕቶፕ ላይ ይከፍታል፣ ቤት ያለው ማጫወቻ ግን አያነበውም። ጥፋቱ የዲስኩ አይደለም። የስልክ ቪዲዮ ኤምፒ4 ነው፤ አሮጌ ማጫወቻ የሚያውቀው ኤምፔግ-2 ነው። ፋይሉን እንዲሁ ገልብጣችሁ አታቃጥሉ። ዲቪዲስታይለር በሚባለው ነጻ ፕሮግራም «ዲቪዲ ቪዲዮ» አድርጋችሁ አዘጋጁት። እኛ አገር የቴሌቪዥኑ ሥርዓት ፓል ስለሆነ 720 በ576፣ በሰከንድ 25 ምስል ምረጡ።

አምስተኛ፣ የፋይል ስም። መዝሙር በኤምፒ3 ስታቃጥሉ «ጆሊየት» የሚለውን ምርጫ ካላበራችሁ፣ ኮምፒውተር ላይ የአማርኛው ስም ሊበላሽ ይችላል። የቤት ማጫወቻ ደግሞ አብዛኛውን ጊዜ የግዕዝ ፊደል ስለሌለው 01፣ 02 ብሎ መሰየም ይሻላል።

ሲያልቅ ወዲያው አታውጡት፤ «አረጋግጥ» የሚለውን ምርጫ አስቀድማችሁ አብሩና የተጻፈውን ከዋናው ያስተያየው። ሁለት ቅጂ ሥሩ፤ አንዱን ለዘመድ፣ አንዱን ፀሐይ ለማያገኘው መሳቢያ። ዲስክ ላይ መረጃውን የሚይዘው ቀለም ብርሃንና ሙቀት አይወድም።

የስልኩንም ፋይል አታጥፉ። ስልክ ይሰረቃል፣ ዲስክ ይጫራል፤ ሁለቱ ባንዴ የሚጠፉት ግን ከስንት አንዴ ነው። እናንተም ጋለሪያችሁን እዩት፤ የማን አክስት የሚጠብቀው ድምፅ እዚያ ውስጥ ተቀምጧል?