ምስክር ያላየው ገጽ አይታተምም

«የሶፍትዌር መመሪያ ኅትመትን አውቶማቲክ ማድረግ ምን ማለት ነው?» ብላችሁ በውስጥ መስመር ለጠየቃችሁኝ ዛሬ ረዘም አድርጌ ልመልስ። ነገሩ ለእኔ የጀመረው ስማዳ ውስጥ፣ አንዲት ጤና ኬላ ላይ ነው።

ለጥምቀት አገር ቤት ገብቼ ሳለ የአክስቴ ልጅ ወደምትሠራበት ጎራ አልሁ። የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኛ ናት። ጠረጴዛዋ ላይ በስፒራል የተጠረዘ መመሪያ አየሁ፤ እኔ የጻፍሁት ነው። ደስ አለኝ። ገለጥ ሳደርገው ግን ከሁለት እትም በፊት የነበረው ሆኖ አገኘሁት። «ይህን ተጫኚ» የሚለው ቁልፍ ስልኳ ላይ ካለው የመመዝገቢያ መተግበሪያ ከወጣ ስድስት ወር አልፎታል። «ስልኩ የተበላሸ መስሎኝ ሦስት ቀን በወረቀት መዘገብሁ፤ ማታ ማታ እሱኑ መልሼ ስገለብጥ ነበር» አለችኝ። አንገቴን ደፋሁ።

ያ አሮጌ ቅጂ እንዴት እዚያ እንደደረሰ ወደ ኋላ ተከተልሁት። እኔ በወርድ ጽፌ በኢሜይል እልካለሁ፤ አንዱ አርሞ «የመጨረሻ» ብሎ ይመልሳል፤ ሌላው «የመጨረሻ 2» ይለዋል፤ ሦስተኛው ወደ ፒዲኤፍ ይቀይረዋል፤ ከዚያ በፍላሽ ወደ ዞን፣ ከዞን ወደ ወረዳ ይሄዳል፤ ፎቶ ኮፒ ቤቱ ያባዛዋል። በየእጁ አንድ አንድ ቅጂ ይቀራል። ዋናው የትኛው እንደሆነ የሚያውቅ አልነበረም፤ እኔም አላውቅም ነበር።

ያን ማታ ያደርሁት አጎቴ ዘንድ ነው። መሪጌታ ናቸው። የሆነውን ሳጫውታቸው ዝም ብለው ሰሙኝና «ታዲያ ምስክሩ ማነው?» አሉኝ።

በእኛ አገር ይህ ከባድ ጥያቄ ነው። ጋይንት ያለችው ቤተልሔም የድጓ ምስክር ቤት ናት። የድጓ ተማሪ የዓመቱን ዜማ ሲማር መጽሐፉን በገዛ እጁ ይጽፋል፤ ከቃሉ ጋር፣ ከቃሉ በላይ በደቃቅ የሚሰፍረውን የዜማ ምልክት ሁሉ። ምልክቱን በ16ኛው ክፍለ ዘመን፣ በዐፄ ገላውዴዎስ ዘመን፣ አዛዥ ጌራና አዛዥ ራጉኤል እንዳበጁት ሊቃውንቱ ይናገራሉ። አንዲት ምልክት ከቦታዋ ብትሳት ዜማው ይለወጣል፤ ከዚያ ቅጂ የሚቀዳ ሰው ደግሞ ስሕተቱን ተሸክሞ ሌላ ደብር ያደርሰዋል። ስለዚህ በየአገሩ የተማረው ቤተልሔም መጥቶ ያስመሰክራል። ዙር አምባም እዚያው ጋይንት ውስጥ ለዝማሬና መዋሥዕት እንዲሁ ናት። ቀጂው እልፍ ነው፤ የሚመሰከርበት ቦታ ግን አንድ።

አጎቴ በወጣትነታቸው ያስመሰከሩበትን ድጓ አውጥተው አሳዩኝ። አንድ ቦታ ብራናው ተፍቆ እንደገና ተጽፎበታል። «ይችን የፋቋት የኔታ ናቸው» አሉ፣ በጣታቸው እየዳበሱ።

አዲስ አበባ ስመለስ ከባልደረቦቼ ጋር አሠራሩን ከሥሩ ቀየርነው። ዋናው ጽሑፍ አሁን አንድ ቦታ ብቻ፣ ጊት ላይ ይቀመጣል። ጊት እያንዳንዱን ለውጥ ማን፣ መቼ፣ ለምን እንዳደረገው ይመዘግባል። የምንጽፈው በማርክዳውን ነው፤ ርእስንና ዝርዝርን በጥቂት ምልክት የሚለይ ተራ ጽሑፍ ነው፣ በማንኛውም ስልክ ይከፈታል። አንድ ሰው ለውጥ ሲያቀርብ መጀመሪያ የሚያየው ማሽኑ ነው።

ማሽኑ የሚፈትሸውን ለአማርኛ ጸሐፊዎች ስል ዘርዘር ላድርገው፤ ከውጭ የመጡት መሣሪያዎች ይህን አያውቁልንምና። ብዙዎቻችን አራት ነጥብ እያልን የምንተይበው ሁለት ነጥብን ሁለት ጊዜ ነው። ዐይን አይለየውም፤ ኮምፒውተሩ ግን ዓረፍተ ነገሩ የት እንዳለቀ ይጠፋበታል። ሌላው ሞክሼ ሆሄ ነው፦ «ሕክምና» ተብሎ የተጻፈውን «ህክምና» ብላ የምትፈልግ ሠራተኛ አታገኘውም። ስለዚህ ለፍለጋው ብቻ ሞክሼዎቹን ወደ አንድ የሚያመጣ ትንሽ ፕሮግራም ጻፍን፤ ገጹ ላይ ያለውን ፊደል ግን አንነካም። አንዱ ገጽ «የይለፍ ቃል»፣ ሌላው «የምሥጢር ቁጥር»፣ ሦስተኛው «ፓስዎርድ» ካለም ማሽኑ ይመልሰዋል፤ አንባቢዋ ሦስት የተለያየ ነገር ይመስላታልና። ፎንቱ ከፒዲኤፉ ጋር መታሸጉንም ያያል፤ ያለዚያ አንዳንድ ኮምፒውተር ላይ በፊደሉ ፋንታ ባዶ ሳጥን ይታያል።

(ፊደላችን ዩኒኮድ ውስጥ የገባው በ1999 እ.ኤ.አ. ነው። በ2005 ደግሞ 10 የዜማ ምልክቶች ተጨመሩ። ለአጎቴ በስልክ ስነግራቸው ይዘት፣ ደረት፣ ርክርክ፣ ድፋት፣ ቅናት፣ ጭረት እያሉ ቆጠሩልኝ፤ ድምፃቸው ውስጥ የነበረውን ደስታ አልረሳውም።)

ፍተሻውን ያለፈ ለውጥ ገና አይታተምም። ሁለት ሰው ማጽደቅ አለበት፤ አንዱ መተግበሪያውን ከሚሠሩት፣ አንዷ ጤና ኬላ ላይ ከሚጠቀሙበት። ይህ ቢቀር ሥራ ይፋጠናል ያሉ ባልደረቦች ነበሩ፤ አጥብቄ ተቃወምሁ። መቅዳቱን፣ መጠረዙን፣ ማድረሱን ማሽን ይሥራው። መመሪያው እውነት መሆኑን ግን የሚያውቀው ሥራውን የሚሠራው ሰው ነው።

ከጸደቀ በኋላ የሰው እጅ አይገባበትም። ድረ ገጹ ይታደሳል፣ ለወረቀት የሚሆነው ፒዲኤፍ ይዘጋጃል፣ ቦት የምንለው ፕሮግራም በቴሌግራም ያደርሰዋል፤ ሁሉም በጥቂት ደቂቃ ያልቃል። የቴሌግራም ቦት እስከ 50 ሜጋባይት ፋይል ይልካል፤ እኛ ግን ከ4 እንዳያልፍ አድርገናል፤ ኔትወርክ ብልጭ ባለበት ቅጽበት እንዲወርድላቸው። በእያንዳንዱ ገጽ ግርጌ የእትሙ ቁጥርና ቀኑ በእኛው አቆጣጠር ይሰፍራል፤ ቁጥሩን ለቦቱ የላከ ሰው አዲሱ ይሁን አሮጌው ወዲያው መልስ ያገኛል። የስክሪን ፎቶዎቹን አሁንም የምናነሣው በእጃችን ነው፤ እሱ ገና አልተፈታልንም።

ባለፈው ወር የአክስቴ ልጅ ፎቶ ላከችልኝ። እትም 14፣ ገጽ 31። አንዱን ዓረፍተ ነገር በእስክሪብቶ ሰርዛ ከጎኑ «መጀመሪያ የሞባይል ዳታ ይዘጋ፤ አለዚያ አንዷ እናት ሁለት ጊዜ ትመዘገባለች» ብላ ጽፋበታለች። ሞከርነው፤ እውነቷን ነው። እትም 15 በዚያው ዕለት ከሰዓት በኋላ ወጣ። ከጤና ኬላ በኩል ያጸደቀችው እሷ ናት።